ማረፊያው ከመሠራቱ በፊት፦ ለትናንሽ የወደብ ከተሞች ምክር ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትናንሽ የወደብ ከተሞች ምክር ቤት አባላትና የወደብ አስተዳደር ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ ለትላልቅ የሽርሽር መርከቦች ማረፊያ እንዲሠራ ከመፈቀዱ በፊት የመንገደኛው ቁጥርና የማረፊያው ባለቤትነት እንዲወሰን ስለ መጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ የከተማ ፕላን አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ የመርከብ ኩባንያ ሠራተኛም አይደለሁም። በየጥቂት ዓመቱ በተለምዶ ክሩዝ በምንለው የሽርሽር መርከብ እጓዛለሁ፤ ጠዋት ከተማችሁን ረግጦ አመሻሹ ላይ ከሚሄደው ሕዝብ አንዱ ነኝ። ስለዚህ የምናገረው ጥፋት ውስጥ የራሴም ድርሻ እንዳለበት አስቀድሜ ላምን እወዳለሁ። በደብዳቤው የምጠቅሳቸው ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ስሟን የማልጠራት አንዲት ትንሽ ወደብ አለች። መጀመሪያ በሄድሁበት ጊዜ መርከባችን ከባሕረ ሰላጤው አፍ ላይ መልህቁን ጥሎ ቆመ፤ እኛም በማመላለሻ ጀልባ ሠላሳ አርባ እየሆንን ወደ ምድር ወጣን። ጀልባዋ የተጠጋችበት የእንጨት ማረፊያ ጠርዙ በገመድ ብዛት ተበልቶ ጎድጉዶ ነበር። ገመዳችንን የተቀበለው ሰው ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የራሱን ጀልባ ባሰረበት ምሰሶ ላይ የእኛንም አሰረው። ከኋላው መረቡ መሬት ላይ ተዘርግቶ ይደርቅ ስለነበር፣ እንዳንረግጠው በእጁ እያመላከተ በዳር በዳሩ አሳለፈን። ለእኛ ብሎ መረቡን አላነሳም፤ የዞርነው እኛ ነን። ያን ጊዜ ነገሩን ልብ አላልሁትም።

ከስምንት ዓመት በኋላ ተመለስሁ። በዚያ ዕለት ወደቧ ላይ ሦስት መርከቦች ቆመው ነበር፤ የእኛው በቀጥታ ከአዲሱ የኮንክሪት ማረፊያ ጋር ስለተጠጋ ጀልባ መጠበቅ ቀርቶ ሁላችንም በአንድ ሰዓት ውስጥ ጎርፈን ወረድን። ከማረፊያው ጫፍ ጌጣጌጥ፣ የእጅ ሰዓትና ሽቶ የሚሸጥበት ሰፊ አዳራሽ አለ፤ ከሁለት ቀን በፊት በሌላ አገር ወደብ ያየሁት አዳራሽ ነው ብል አልተሳሳትሁም፤ የሱቆቹ ስምና የመደርደሪያዎቹ አቀማመጥ እንኳ አንድ ነበር። ወደ ከተማው የሚያወጣው በር ከሱቆቹ ጀርባ ስለሆነ እሱን ለማግኘት ጥቂት ተንከራተትሁ። መረቡ ይደርቅበት የነበረው ቦታ የአውቶቡስ ማቆሚያ ሆኗል። በዚያ ቀን ምንም ነገር ዞሬ አላለፍሁም፤ መንገዱ ሁሉ ለእኔ ተጠርጓል።

ይህን የማወራው በናፍቆት ልቅሶ ላደክማችሁ አይደለም። እኔን መሰል ተጓዦች አንዲትን ወደብ “ያልተነካች” ስንል ሰው የሚኖርባት፣ አባትና አያት የሠሯት ከተማ መሆኗን እንረሳለን፤ ከዚያም ለወዳጆቻችን ሁሉ ተናግረን ሕዝብ የምንጠራባት እኛው ነን። የከተማው ወጣት ሥራ ፍለጋ እንዳይሰደድ የሚፈልግ የምክር ቤት አባል የመርከብ ኩባንያ ተወካይ የማረፊያ ንድፍ ይዞ ሲመጣለት ቢደሰት አልፈርድበትም። ገንዘቡ እውነተኛ ገንዘብ ነው። የምጠይቀው ንድፉ ከመፈረሙ በፊት ሁለት ነገሮች እንዲወሰኑ ብቻ ነው፤ በቀን ስንት ሰው እንደሚወርድና ማረፊያው ከጀርባው ካለው መሬት ጋር የማን እንደሚሆን። ከፊርማው በኋላ ሁለቱንም መወሰን የምትችሉ እናንተ መሆናችሁ ይቀራል።

እንግዳ ሲቆይ ይከብዳል ይባላል። የመርከብ እንግዳ ግን የሚከብደው ስለማይቆይ ነው። ሆቴል የሚያድር ጎብኚ እራት ይበላል፣ ጠዋት ቁርስ ይፈልጋል፣ ዝናብ ቢዘንብ እስኪያባራ ካፌ ይቀመጣል፣ በሦስተኛው ቀን የባለሱቁን ስም ያውቃል። የመርከቡ መንገደኛ የሚያድርበት አልጋ፣ ምሳና እራቱ፣ ብዙ ጊዜ መጠጡም ጭምር ከቤቱ ሳይነሳ ተከፍሎበታል። ወደብ ላይ የሚቆየው ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ላይ ወርዶ ለመመለስ የሚጠፋው ይቀነሳል። የቀረው ገንዘብ የሚወጣው በሁለት ነገር ላይ ነው፤ በከተማው ዙሪያ በሚደረግ ጉብኝትና በዕቃ። የጉብኝቱን ቲኬት መርከቡ ውስጥ ከገዛው ኩባንያው ጠቀም ያለ ድርሻውን ያነሣል፤ ዕቃውን ከየት እንደሚገዛ ደግሞ በዋዜማው ምሽት መርከቡ ላይ ይነገረዋል፤ “የሚመከሩ ሱቆች” ተብለው ካርታ ላይ የሚታዩት ለመመከራቸው የሚከፍሉ ናቸው። የከተማው ነዋሪ የከፈተው ሱቅ ካርታው ላይ ለመግባት አቅም የለውም። በአንጻሩ መንገዱን የሚያጨናንቀው፣ ውኃውን የሚጠቀመው፣ ቆሻሻውን የሚጥለው፣ ሲታመም አምቡላንስ የሚጠራው መንገደኛ በቁጥሩ ልክ ከተማው ላይ አለ፤ አመሻሽ ላይ ደግሞ አንድም ሰው አይቀርም። በሚሞላበት ሰዓት ልክ የተሠራ ከተማ በቀረው ሰዓት ባዶ አዳራሽ ይመስላል።

ስለ ቁጥር ስናወራ የመርከቡ መጠን ራሱ ተለውጧል። በ2024 መጀመሪያ መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 365 ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ እስከ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች፤ ሠራተኞቿ ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው። ከዚህ ጋር ስታነጻጽሩ በኖርዌይ፣ ፊዮርድ በሚባለው በተራሮች መሀል ወደ ምድር በዘለቀ ጠባብ የባሕር ክንድ ጥግ ያለችው የጌይራንገር መንደር ቋሚ ነዋሪ ጥቂት መቶ ብቻ ነው። እርግጥ እንዲህ ያለችው መርከብ በየትንሹ ወደብ አትገባም፤ የምትገባው ልኳን የሚያህል ማረፊያ የተሠራላት ቦታ ነው። ለዚህ ነው ማረፊያው ከማናቸውም የቱሪዝም ፖሊሲ ሰነድ ይበልጣል የምለው። መርከቡ መልህቅ ጥሎ በጀልባ ሲያመላልስ የሰው ፍሰት በጀልባው ወንበር ይለካል፤ ባሕሩ ከተናወጠም ካፒቴኑ ወደቡን ትቶ ያልፋል። ኮንክሪት ከፈሰሰና የባሕሩ ወለል ተቆፍሮ ከጠለቀ በኋላ ግን የተበደራችሁትን ገንዘብ ለመመለስ መርከብ መለመን የእናንተ ሥራ ይሆናል። የመደራደሪያው ጉልበት የሚገለበጠው በዚያች ቀን ነው።

በሜክሲኮ የካሪቢያን ዳርቻ ያለችው ማሃዋል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ2001 ኮስታ ማያ የተባለው የመርከብ ወደብ ተከፈተላት። ልብ በሉ፤ በጉዞ መርሐ ግብሩ ላይ የሚጻፈው ኮስታ ማያ ነው፤ ብዙ መንገደኛ የረገጣት መንደር ማሃዋል መባሏን ሳያውቅ ይመለሳል። ነሐሴ 2007 ላይ ዲን የተባለው፣ በመጨረሻው በአምስተኛው ደረጃ የተመደበ አውሎ ነፋስ ማረፊያውን ሰባበረው፤ ወደቡ ተጠግኖ እስኪከፈት ከአንድ ዓመት በላይ ሄደ። በዚህ ጊዜ መርከቦቹ ምን ሆኑ? ሌላ ወደብ ሄዱ። የመርከብ መስመር በቢሮ ውስጥ በአንድ ስብሰባ ይቀየራል፤ መንደር ግን ተነቅሎ ወደ ሌላ ዳርቻ አይሄድም።

በአሜሪካ፣ በአላስካዋ ስካግዌይም ይኸው ነገር በሌላ መልክ ታይቷል። ቋሚ ነዋሪዋ 1,200 ገደማ የሆነች ከተማ በአንድ የጉብኝት ወቅት ከአንድ ሚሊዮን በላይ የመርከብ መንገደኛ ታስተናግዳለች፤ ሥራ በሚበዛበት ቀን ከ10,000 በላይ ሰው በጥቂት መንገዶቿ ላይ ይፈስሳል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ በወርቅ ፍለጋው ጊዜ የተሠራው የባቡር ሐዲድ ዛሬ የሚያመላልሰው እነዚህኑ ጎብኚዎች ነው። በ2020 ወረርሽኙ የመርከቦቹን ወቅት በሙሉ ሲያስቀረው ከተማዋ ገቢዋን በአንድ ጊዜ አጣች። አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ነጋዴ ደንበኛው ሲታመም አብሮ ይታመማል።

የጃማይካዋን ፋልመዝን ደግሞ ለአጥሩ ስል እጠቅሳለሁ። በ18ኛው ምዕተ ዓመት የተቆረቆረች፣ የዚያን ዘመን የሕንፃ ጥበብ እስካሁን የሚታይባት ከተማ ናት። በ2011 በወቅቱ ከዓለም ትላልቅ የነበሩትን መርከቦች ለመቀበል ወደብ ተሠራላት። የወደቡ ግቢ ግን ራሱን የቻለ የሱቅ መንደር ሆኖ በበር ከከተማዋ ተለየ። ከበሩ ውጭ ያሉ ነጋዴዎች መንገደኛው ወደ እኛ አይደርስም ሲሉ ለዓመታት አቤቱታ አሰምተዋል። መንገደኛው ወደ ፋልመዝ የሚመጣው በእነዚያ አሮጌ ሕንፃዎች ስም ተጠርቶ ነው፤ ብዙው ግን ጃማይካን የሚያየው ከግቢው ሳይወጣ ነው። እንዲህ ያለ አጥር የሚሠራው በደኅንነት ስም ነው፤ የሚጠብቀው ግን የግቢውን ሱቆች ገበያ ጭምር ነው። ንድፉ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የምትፈልጉት መስመር የአጥሩ መስመር ይሁን።

በጎ ምሳሌ የለም እንዳትሉኝ፣ በዚያው በአላስካ ሁና የምትባል፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነው የትሊንጊት ሕዝብ ከተማ አለች። በ1912 የተሠራውና ሥራ ያቆመው የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካዋ በ2004 አይሲ ስትሬት ፖይንት በሚል ስም የመርከብ መዳረሻ ሆነ። ባለቤቱ የውጭ ኩባንያ ሳይሆን የዚያው ሕዝብ አባላት ባለአክሲዮን የሆኑበት ሁና ቶተም ኮርፖሬሽን ነው። ለብዙ ዓመታት መንገደኞች በማመላለሻ ጀልባ እየወጡ ቆይተው የመርከብ ማረፊያ የተሠራው በ2016 ነው። ያ ሁሉ ዓመት ለከተማው ትምህርት ቤት ነበር፤ የትኛውን ሥራ ማን እንደሚሠራ፣ ፋብሪካው ውስጥ ምን እንደሚሸጥ፣ መንገደኛው እስከ የት እንደሚሄድ በራሳቸው ፍጥነት ለመወሰን ጊዜ አገኙ። ዛሬ ሁናም ብዙ መርከብ ታስተናግዳለች፤ ሁሉም ነዋሪ ደስተኛ ነው አልልም። ነገር ግን መርከብ ይብዛ ወይስ ይቀነስ የሚለውን ክርክር እዚያው መሬት ላይ የሚኖሩ ሰዎች ከድርሻቸው ጋር ሆነው ይከራከሩበታል። ልዩነቱ ይህ ነው።

ቁጥር መወሰን በኋላ ይደርሳል የሚል አማካሪ ይመጣባችሁ ይሆናል። በኋላ የሞከሩትን እዩ። በአሜሪካ ሜይን ግዛት ያለችው ባር ሃርበር በኅዳር 2022 ነዋሪዎቿ ድምፅ ሰጥተው በቀን ከመርከብ የሚወርደው ሰው ከ1,000 እንዳይበልጥ ወሰኑ፤ ሳይውል ሳያድር በውሳኔው ላይ ክስ ተመሠረተ፤ ክርክሩም ለዓመታት ቀጠለ። በፍሎሪዳ ጫፍ ያለችው የኪ ዌስት ሕዝብ በኅዳር 2020 በቀን የሚወርደውን ሰው በ1,500 የሚገድብና ከ1,300 ሰው በላይ የሚይዝ መርከብን የሚከለክል ውሳኔ በድምፁ አጸደቀ፤ በ2021 ግን የግዛቱ ሕግ አውጪዎች ውሳኔውን ሻሩት። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለእናንተ የሚጠቅመው። ከተማው በ2022 ራሱ በሚያስተዳድራቸው ማረፊያዎች ላይ ትላልቅ መርከቦች እንዳይቆሙ አደረገ፤ በግል በተያዘው ማረፊያ ላይ ግን መርከቦቹ መቆማቸውን ቀጠሉ። የሕዝብ ድምፅ ያላስጠበቀውን የማረፊያው ባለቤትነት አስጠበቀው፤ ባለቤትነት በሌለበት ደግሞ ድምፁ ብቻውን ቀረ።

የአላስካ ዋና ከተማ ጁኖ ከኩባንያዎቹ ጋር ተስማምታ ከ2024 ጀምሮ በቀን የሚገቡት ትላልቅ መርከቦች ከአምስት እንዳይበልጡ አድርጋለች፤ ከ2026 ጀምሮ ደግሞ የመንገደኛው ጣሪያ በቅዳሜ 12,000፣ በሌሎቹ ቀናት 16,000 እንዲሆን ተስማምታለች። የክሮኤሽያዋ ዱብሮቭኒክ በ2019 በአንድ ጊዜ ሁለት መርከብና 4,000 መንገደኛ የሚል ልክ አበጀች። ቬኒስ ትንሽ ከተማ ባትሆንም፣ ትላልቆቹ መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት እንዳያልፉ የተከለከለው ነሐሴ 2021 ላይ፣ ነዋሪው ለዓመታት ከጮኸ በኋላ ነው። እነዚህን ሁሉ አከብራቸዋለሁ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ጅብ ከሄደ በኋላ የተጮኹ ናቸው። ጣሪያ የሚባለው ቁጥር ራሱ አንዴ በመጣው ሕዝብ ልክ ይሰላል እንጂ ከተማው መጀመሪያ ሊሸከም በፈለገው ልክ አይሰላም። 12,000 ሰው የሚወርድበት ቅዳሜ እንደ “የእረፍት ቀን” የሚቆጠርበት ከተማ እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አስቀድሞ መወሰን እንደሚቻል የሚያሳዩትም አሉ። በአንታርክቲካ ከ500 በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ ሰው አያወርድም፤ ከዚያ ያነሰውም ቢሆን በአንድ ቦታ ላይ በአንድ ጊዜ ከ100 ሰው በላይ አያወጣም። ከኖርዌይ በስተሰሜን ባሉት የስቫልባርድ ደሴቶች ጥብቅ አካባቢዎች ከ2025 ጀምሮ ከ200 በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ አይገባም። እዚያ ሰው ስለማይኖር ቀላል ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ለፔንግዊን የወጣ ልክ ለሰው መንደር መከልከሉ አይገባኝም። ሰው ያለበትንም ምሳሌ ከፈለጋችሁ፣ የመርከብ ማረፊያ የሌላት የካሪቢያኗ ደሴት ግራንድ ኬይመን በሚያዝያ 2025 ማረፊያ ይሠራ ወይ ተብሎ ነዋሪዋ ሲጠየቅ አይሠራ ብሏል። መርከብ መምጣቱን አላቆመም፤ መልህቅ ጥሎ በጀልባ ያወርዳል።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። በቀን የሚወርደው ሰው ቁጥር በቃል ስምምነት ሳይሆን በደንብ ይጻፍ፤ ቁጥሩም ከመርከቡ አቅም ሳይሆን ከውኃችሁ፣ ከመንገዳችሁ ስፋትና ከክሊኒካችሁ አልጋ ይነሣ። መርከብ የማይገባበት የሳምንት ቀን አስቀድሞ ይቀመጥ፤ አንዴ መርከብ የለመደ ቀንን መልሶ ማስለቀቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የጁኖ ሕዝብ ያውቃል፤ በ2024 ቅዳሜን ከመርከብ ነፃ የማድረግ ሐሳብ ለድምፅ ቀርቦ ወድቋል፤ ያን ጊዜ በቅዳሜ መርከቦች ገቢ የሚኖረው ነዋሪ ራሱ በርክቶ ነበርና። ማረፊያው የግድ ይሠራ ከተባለ ባለቤቱ ከተማው ይሁን፤ ለኩባንያ በሊዝ ከተሰጠም ዘመኑ ይጠር፤ ከጀርባው ያለው መሬት ከማረፊያው ጋር ተጠቅልሎ አይሰጥ። ከየመንገደኛው የሚሰበሰበው ክፍያ በማዕከላዊ ካዝና ሳይቀር ለወደቡ ከተማ ይመለስ፤ አላስካ ከምትሰበስበው የመንገደኛ ግብር ለየወደቡ በነፍስ ወከፍ 5 ዶላር የምታካፍልበት አሠራር አላት፤ መነሻ ሊሆናችሁ ይችላል። ለወቅቱ የሚመጡ ሠራተኞች የት እንደሚያድሩም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱ ካልተገኘ የሚያድሩት የእናንተ ልጆች ሊከራዩት በነበረው ክፍል ውስጥ ነው።

ኩባንያው ይህን ሁሉ ሰምቶ ወደ ጎረቤት ወደብ እሄዳለሁ ሊላችሁ ይችላል። ማስፈራሪያው ባዶ አይደለም፤ ሊያደርገውም ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ ከጎረቤት ወደቦች ጋር ሳትፎካከሩ አስቀድማችሁ አንድ ዓይነት ልክ መያዝ ነው። ደብዳቤዬን ለአንድ ምክር ቤት ብቻ ያላደረግሁትም ስለዚሁ ነው።

እኔ በበኩሌ እንደ መንገደኛ የሚደርስብኝን አውቃለሁ። ተራዬ እስኪደርስ መርከቡ ላይ ልጠብቅ፤ ባሕሩ ሲናወጥ ከተማችሁን በሩቁ አይቼ ልለፍ፤ ቁጥሩ ከሞላም በዚያ ዓመት ሳልመጣ ልቅር። ከመጣሁ ደግሞ መረቡን አታንሡልኝ፤ በዳሩ ዞሬ አልፋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመርከብ መንገደኛ